ለቲቪ የተቀጠረው ባንድ ያመፀ ጊዜ፦ የመንኪስ ጉዳይ

በሴፕቴምበር 1965 ሆሊውድ ውስጥ የሾው ቢዝነስ ሰው በሚያነባቸው ጋዜጦች ላይ አንድ ማስታወቂያ ወጣ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። ባጭሩ የሚለው፣ ለአዲስ የቲቪ ተከታታይ ትወና የሚሆኑ ሙዚቀኞችና ዘፋኞች እንፈልጋለን፣ ዕድሜ ከ17 እስከ 21፣ አራት እብድ ልጆች። እብድ የሚለውን እኔ አልጨመርኩም፣ ራሱ ማስታወቂያው ላይ ያለ ነው። 437 ልጅ መጣ። በመጨረሻ አራት ሰው ተመርጦ ባንድ ሆነ፣ ስሙ መንኪስ፣ ጦጣዎች እንደማለት ነው፣ ስፔሊንጉ ሆን ተብሎ የተበላሸ። ልብ በሉ ባንድ ኖሮ አይደለም ሾው የተሰራለት፣ ሾው ታቅዶ ነው ባንድ የተቀጠረለት።

ይሄን ጉዳይ የመረጥኩት በጅምላ ስለሚመረት መዝናኛ ሲወራ ሁሌ አንድ ቦታ ላይ ስለምንቆም ነው። ይሄ አርቲስት ኦሪጅናል ነው፣ ያኛው ግን ካምፓኒ የሰራው ነው፣ አለቀ። እኔም እንደዛ ነበር የማስበው። የመንኪስን ታሪክ ስከታተል ግን ክርክሩ ራሱ ትንሽ ሸወዳ መሰለኝ፣ ምክንያቱም እዚህ ጉዳይ ላይ የፋብሪካው ልጆች አምፀዋል፣ ደግሞም አሸንፈዋል፣ ማሸነፋቸው የቀየረው ነገር ግን ከጠበቅኩት በጣም ያነሰ ነው።

ሀሳቡ የቦብ ራፈልሰንና የበርት ሽናይደር ነው። ሁለቱም ወጣት ፕሮዲውሰሮች፣ የሽናይደር አባት ደግሞ የፊልም ካምፓኒው የኮሎምቢያ ፒክቸርስ ትልቅ አለቃ ስለነበር በር ለማንኳኳት ብዙም አልተቸገሩም። ቢትልስ በ1964 በሰሩት ፊልም አራት ልጅ ሲሮጥ ሲቀልድ ሲዘፍን ማየት ስንት ሰው እንደሚያሳብድ ታይቷል፣ እነዚህ ያሰቡት ያንኑ ነገር በየሳምንቱ ቤት ድረስ ማድረስ ነው። ከተመረጡት ውስጥ ዴቪ ጆንስ ብሮድዌይ ላይ ሰርቶ ለቶኒ ሽልማት የታጨ እንግሊዛዊ ተዋናይ ነው፣ ቀድሞም ከኮሎምቢያ ጋር ኮንትራት ነበረው። ሚኪ ዶሌንዝ በልጅነቱ የቲቪ አክተር ነበር። ማይክል ኔስሚዝና ፒተር ቶርክ ግን የምር ሙዚቀኞች ናቸው። ዶሌንዝን አንተ ድራመር ነህ አሉት፣ ድራም ግን አይችልም፣ ከተቀጠረ በኋላ ነው የተማረው። እኔ በዚህ አልስቅም፣ አክተር ዶክተር ሆኖ ሲሰራ ህክምና ተምሯል ወይ ብለን አንጠይቅም አይደል።

የመጀመሪያው ፓይለት፣ ማለትም ሾው ከመሸጡ በፊት የሚሰራው የናሙና ክፍል፣ ለሙከራ ተመልካች ሲታይ ውጤቱ ደካማ ሆነ። ራፈልሰን ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው፣ ጆንስና ኔስሚዝ ለኦዲሽን ሲመጡ ካሜራ ፊት እንደራሳቸው ሆነው ሲያወሩ የተቀረጸውን ቆርጦ ፓይለቱ ውስጥ ከተተው። እንደገና ሲታይ ውጤቱ ተሰቀለ፣ የቲቪ ጣቢያው ኤንቢሲም ገዛው። ከጠቅላላው ታሪክ እኔን በጣም የገረመኝ ይሄ ነው፣ ምክንያቱም ሰው የወደደው «እውነተኛውን» ልጅ ነው፣ እውነተኛነቱ ደግሞ ሙከራው ሲወድቅ ኤዲቲንግ ላይ የተጨመረ ቅመም ነው። ይሄን ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

ብሩ እንዴት ነበር የሚሄደው

ካንድ በሬ ሁለት ቆዳ አይገፈፍም ይባላል። እነዚህ ሰዎች አራት ነው የገፈፉት። ሾው ሴፕቴምበር 12 1966 ጀመረ። የሚያመርተው ስክሪን ጄምስ የሚባለው የኮሎምቢያ የቲቪ ክንፍ ነው፣ ኤንቢሲ ከፍሎ ያስተላልፋል፣ የቁርስ ሲሪያል አምራቹ ኬሎግስና የኮስሞቲክስ ካምፓኒው ያርድሊ ስፖንሰር ናቸው፣ አንድ። እያንዳንዱ ክፍል ውስጥ ዘፈን አለ፣ ዘፈኑን ለመግዛት ልጁ ሸክላ ቤት ይሄዳል፣ ሸክላውን የሚያወጣው ኮልጄምስ ነው፣ ኮልጄምስ ደግሞ ኮሎምቢያ ከሸክላ ካምፓኒው ከአርሲኤ ጋር ሆኖ ለዚሁ ያቋቋመው ሌብል ነው፣ ሁለት። ሶስተኛው አሻንጉሊቱ፣ የምሳ ዕቃው፣ ካርዱ፣ ኮሚክሱ ምናምን ነው።

አራተኛው ብዙ ሰው የማያየው ነው፣ ፓብሊሺንግ። ዘፈኑን ማንም ይዝፈነው ማን፣ ለግጥምና ለዜማው ባለመብት በተሸጠ ቁጥር የሚገባ ገንዘብ አለ። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ተራ ሬዲዮ ላይ ለሚጫወት ዘፈን የሚከፈለው ለደራሲውና ለፓብሊሸሩ ነው፣ ለዘፋኙ ሰባራ ሳንቲም የለም። ኮሎምቢያ በ1963 አልዶን ሚዩዚክ የሚባለውን የኒውዮርክ ፓብሊሺንግ ካምፓኒ ገዝቶ ከባለቤቶቹ አንዱን ዶን ከርሽነርን የሙዚቃ ክፍሉ አለቃ አድርጎት ነበር። እና ከርሽነር ለመንኪስ ዘፈን ሲመርጥ አሪፍ ዘፈን ብቻ አይደለም የሚመርጠው፣ መብቱ ቤት ውስጥ ያለ ዘፈን ነው የሚመርጠው። ሾው ራሱ ለዘፈኑ የግማሽ ሰዓት ማስታወቂያ ነው፣ ከተራ ማስታወቂያ የሚለየው ለማስተላለፍ አንተ አለመክፈልህ ነው፣ እንደውም ላንተ ነው የሚከፈልህ። ልጆቹ በዚህ ሁሉ መሀል መጀመሪያ ላይ በሳምንት 450 ዶላር ደሞዝተኛ ነበሩ፣ ከሸክላው ደግሞ ሮያልቲ፣ ማለትም ከሽያጩ ድርሻ አላቸው። ለዘመኑ መጥፎ ደሞዝ አልነበረም፣ ግን ደሞዝ ነው፣ ልዩነቱ እዛ ላይ ነው።

ከርሽነር ጎበዝ ሰው ነው፣ እሱን መካድ አይቻልም። ጄሪ ጎፊንና ካሮል ኪንግ፣ ኒል ዳይመንድ፣ ቶሚ ቦይስና ቦቢ ሃርት ጽፈውላቸዋል። የሚጫወቱት በሰዓት የሚከፈላቸው የሎስ አንጀለስና የኒውዮርክ ሰሽን ሙዚቀኞች ናቸው፣ በዛን ጊዜ የአሜሪካን ፖፕ ግማሹን እነሱ ነበሩ የሚጫወቱት፣ የነዛ «ኦሪጅናል» የሚባሉ ባንዶችን አልበም ጭምር፣ ይሄን ብዙ ሰው አያውቅም ነበር። አራቱ ልጆች የሚጠበቅባቸው መጥቶ ድምፅ መስጠት ብቻ ነው። ቶርክ የመጀመሪያው ቀረጻ ላይ ጊታሩን አንጠልጥሎ ሄዶ አንተ አታስፈልግም ተብሏል። ያሳዝናል፣ ሰውዬው የምር ብዙ መሳሪያ ይችላል እኮ።

ውጤቱስ? የመጀመሪያው አልበም 13 ሳምንት ቁጥር 1፣ ሁለተኛው ተክቶት 18 ሳምንት፣ በድምሩ 31 ሳምንት ሳይቋረጥ አሜሪካ ላይ አንደኛ። ዳይመንድ የጻፈው ነጠላ ዜማ ብቻውን 7 ሳምንት አናት ላይ ተቀምጧል። በ1967 ሾው ራሱ ኤሚ የሚባለውን የቲቪ ሽልማት ሁለት ወሰደ፣ አንዱ የዓመቱ ምርጥ ኮሜዲ ተብሎ።

እዚህ ጋ አዶርኖን አለማንሳት አይቻልም። ቴዎዶር አዶርኖና ማክስ ሆርክሃይመር ከናዚ ሸሽተው የመጡ ጀርመኖች ናቸው፣ «የባህል ኢንዱስትሪ» የሚለውን ቃል ያወጡት በ1940ዎቹ ሎስ አንጀለስ ተቀምጠው ነው፣ ማለትም ከሃያ ዓመት በኋላ ይሄ ሁሉ ከተደረገበት ሰፈር ብዙም ሳይርቁ። የጅምላ ባህል ያላሉት ሆን ብለው ነው፣ እንደዛ ከተባለ ነገሩ ከህዝቡ ከራሱ የፈለቀ ይመስላል፣ ከላይ ታቅዶ የሚወርድ ነገር ነው ለማለት ነው ኢንዱስትሪ ያሉት። አዶርኖ ስለ ፖፕ ዘፈን ደግሞ፣ ክፍሎቹ እንደ መለዋወጫ ዕቃ ናቸው አንዱን አውጥተህ ሌላ ብታስገባ ልዩነት የለውም፣ ከላይ ግን እያንዳንዱ ልዩ እንዲመስል ትንሽ ጌጥ ይቀባል ይላል። መንኪስን ሳያይ መንኪስን የገለጸ ነው የሚመስለው። አንዱ ቆንጆ፣ አንዱ ቀልደኛ፣ አንዱ ብልህ በሱፍ ኮፍያ፣ አንዱ የዋህ፣ ለእያንዳንዷ ተመልካች የምትመርጠው አለ፣ ምርጫ ያላት ይመስላታል፣ አራቱም ግን ያንድ ካምፓኒ ናቸው። እኔ ከአዶርኖ ጋር የማልስማማው ሰሚውን ከልክ በላይ ሞኝ ማድረጉ ላይ ነው። የስምንት ዓመት ልጅም ቢሆን ሾው ልብ ወለድ መሆኑን ያውቃል፣ እያወቀ ነው የሚደሰተው። ግን አዶርኖና ሆርክሃይመር አንድ ሌላ ነገር ብለዋል፣ የሚቃወም ሰው መኖር የሚችለው ውስጥ ገብቶ ቦታ ሲይዝ ብቻ ነው፣ ከዛ ተቃውሞው ራሱ የሲስተሙ አንድ መስመር ይሆናል። መጀመሪያ ሳነበው የተጋነነ መስሎኝ ነበር።

አመፁ

ጃንዋሪ 1967 ሁለተኛው አልበም ወጣ። ባንዱ አያውቅም። ቱር ላይ ናቸው፣ ወጥቷል ሲባል ሰምተው እንደማንም ሰው ሱቅ ሄደው ነው ያዩት፣ የራሳቸውን አልበም እኮ ነው። ሽፋኑ ላይ ያለው ፎቶ ጄሲ ፔኒ ለሚባለው የልብስ መደብር ማስታወቂያ የተነሱት ነው። ጀርባው ላይ የተጻፈው ደግሞ በአብዛኛው ከርሽነር የራሱን ዘፈን ጸሐፊዎች የሚያሞግስበት ነው። ኔስሚዝ ተበሳጨ፣ ለአንድ ትልቅ መጽሔት በግልጽ ሸክላው ላይ የምንጫወተው እኛ አይደለንም ብሎ ተናገረ፣ ጋዜጠኛው ዓለም ደግሞ ሲጠብቀው የነበረ ነገር ነው፣ ፌክ ባንድ የሚለው ስም ከዛ ወዲያ አልለቀቃቸውም። ልብ በሉ ያጋለጠው ራሱ ከውስጥ ያለው ሰው ነው። እውነቱን የተናገረው ሰው ነው እውነተኛ አይደለህም የተባለው፣ ይሄ እስከዛሬ ያናድደኛል።

ከዛ ቤቨርሊ ሂልስ ሆቴል ስብሰባ ሆነ። ከርሽነር ለእያንዳንዳቸው የ250,000 ዶላር የሮያልቲ ቼክ ይዞ መጣ፣ ብር ሲያዩ ዝም ይላሉ ብሎ ይመስለኛል። ኔስሚዝ የራሳችንን ሙዚቃ ካልሰራን እወጣለሁ አለ። የካምፓኒው ጠበቃ ኮንትራትህን አንብብ አለው። ኔስሚዝ ግድግዳውን በቡጢ ብሎ ቀዳደው፣ ይሄ ያንተ ፊት ሊሆን ይችል ነበር አለው ይባላል። ትዕይንቱ እየተነገረ እየተነገረ ትንሽ ሳይሞቅ አልቀረም፣ ግድግዳው መመታቱን ግን እዛ የነበሩት ሁሉ ያወራሉ። ለኔ ከቡጢው ይልቅ የጠበቃው መልስ ነው የሚከብደው፣ ስለ ጥበብ ለጠየቀ ሰው ኮንትራት ነው የተሰጠው።

ከርሽነር የተባረረው ግን በቡጢው አይደለም። ፌብሩዋሪ ላይ ባንዱ ያልተስማማበትን ነጠላ ዜማ ያለ ፈቃድ ስላወጣ ነው፣ አለቆቹ እምነት አጓደልክ ብለው አሰናበቱት። 35 ሚሊዮን ዶላር ጠይቆ ከሰሰ፣ በኋላ ከፍርድ ቤት ውጭ ተስማሙ።

ባንዱ ነጻ ወጣና ሶስተኛውን አልበም ራሱ ተጫወተው፣ ዶሌንዝም እየተንገጫገጨ ድራሙን መታ። ሜይ 1967 ወጣ። አንድ ሳምንት ቁጥር 1 ሆነ፣ ከዛ የቢትልስ አዲስ አልበም መጥቶ አወረደው፣ ከዛ 11 ሳምንት ሁለተኛ። ወድቋል አይባልም፣ ግን የተሸጠው ከፊተኞቹ ሁለቱ ያነሰ ነው። በሚቀጥለው አልበም ደግሞ ምን ሆነ መሰላችሁ፣ ሰሽን ሙዚቀኞቹን ራሳቸው መልሰው ጠሩ። ደክሟቸዋል፣ ሾው እየቀረጹ፣ ቱር እየዞሩ፣ ስቱዲዮ አድረው አይቻልም። ዶሌንዝ በተለይ አንዴ አሳየን በቃን አይነት ነበር።

እና ምን ተቀየረ ስል ራሴን፣ አሁን ዘፈን መራጮቹ እነሱ ናቸው፣ ይሄ ትልቅ ነገር ነው፣ አልንቀውም፣ ጥሩ ጥሩ ሙዚቃም ወጥቶበታል። ግን ኮልጄምስ ያው ነው። ፓብሊሺንጉ በአብዛኛው ያው ነው። ሾው ያው ነው፣ ስሙም የካምፓኒው ነው። ከዛ በላይ ደግሞ አሁን ለሽያጭ አዲስ ነገር ተገኘ፣ «ራሳቸው የተጫወቱት» የሚል። ፓይለቱ ላይ የገባውን ቅመም ያዙልኝ ያልኩት ለዚህ ነው። ያኔ ኤዲተሩ ጨመረው፣ አሁን ልጆቹ በላባቸው ጨመሩት፣ ሸክላ መደርደሪያው ላይ ሲደርስ ግን ዋጋው አንድ ነው።

ከርሽነርስ? ከመንኪስ የተማረውን ነገር በጣም ግልጽ አድርጎ አሳየ። ቀጥሎ የሰራው ባንድ አርቺስ ይባላል፣ ካርቱን ነው፣ በ1968 የጀመረ የልጆች የአኒሜሽን ሾው። ከጀርባው ሮን ዳንቴ የሚባል የስቱዲዮ ዘፋኝ አለ፣ ፊት ለፊት ያሉት ግን ስዕሎች ናቸው። ስዕል ግድግዳ አይመታም፣ ለመጽሔት አይናገርም፣ ሮያልቲውም አነሰኝ አይልም። ሹገር ሹገር የሚለው ዘፈናቸው በ1969 አሜሪካ 4 ሳምንት ቁጥር 1 ሆነ፣ የሙዚቃ ደረጃ የሚያወጣው መጽሔት ቢልቦርድ የዓመቱ አንደኛ ዘፈን ያለው እሱን ነው፣ ዉድስቶክ የሚባለው ትልቁ የሮክ ኮንሰርት የተደረገበት ዓመት ማለት ነው። ከርሽነር ዘፈኑን መጀመሪያ ለመንኪስ አቅርቤ እምቢ ብለውኝ ነው ሲል ኖሯል፣ አከራካሪ ወሬ ነው፣ ግን ለምን ማውራት እንደወደደው ይገባኛል። ዛሬ በኮምፒውተር ስለተሰራ ዘፋኝ ስንደነግጥ ነገሩ 1969 ላይ እንደተሸጠ ስለማናስታውስ ነው።

የአመፁ ገንዘብ የት ገባ

ሾው በ1968 ከ58 ክፍል በኋላ ተቋረጠ። ራፈልሰንና ሽናይደር ባንዱን ይዘው ሲኒማ ገቡ፣ ራፈልሰን ከተዋናዩ ጃክ ኒኮልሰን ጋር የጻፈው ፊልም ነው፣ ኖቬምበር 1968 ወጣ። በገዛ ምርታቸው ላይ የሚያሾፍ ፊልም፣ ልጆቹ ራሳቸው እኛ የተመረትን ነን እያሉ የሚዘፍኑበት፣ በመሀል ሳይጎን ውስጥ አንድ ሰው ሲረሸን የሚያሳየው የዜና ምስል እየተመላለሰ የሚገባበት። 750,000 ዶላር ወጣበት፣ የገባው ወደ 16,000 ነው። የድሮዎቹ ህጻናት ተመልካቾች አልገባቸውም፣ ሊገባቸው የሚችለው የኮሌጅ ልጅ ደግሞ የመንኪስ ፊልም ነው ሲባል አልሄደም። ገበያው ሰውን በየሳጥኑ ስላስቀመጠ ከሳጥን ወደ ሳጥን መሻገር አይቻልም ነበር። ጂሚ ሄንድሪክስም በ1967 ሰመር ከነሱ በፊት መድረክ ላይ ይወጣ ነበር፣ ልጆቹ ዴቪ ዴቪ እያሉ ሲጮሁበት ከጥቂት ኮንሰርት በኋላ ትቶ ሄደ።

አሁን ደግሞ ዋናው ነገር። እነዚሁ ፕሮዲውሰሮች ከመንኪስ ባገኙት ገንዘብ በ1969 ኢዚ ራይደርን ሰሩ። ሁለት ሞተር ሳይክለኛ፣ ሀሺሽ፣ ነጻነት፣ ሲስተሙን እምቢ ያለ ትውልድ ምልክት የተባለው ፊልም። ወጪው ከ400,000 ዶላር አይበልጥም፣ ያስገባው በአስር ሚሊዮኖች ነው። ያከፋፈለው ማነው? ኮሎምቢያ። ያው ኮሎምቢያ። ማለትም ፌክ ነው ተብሎ የተናቀው ምርት ትርፍ ነው ኦሪጅናል የተባለውን የወለደው፣ ሁለቱም ገቢ ያደረጉት እዛው ካዝና ነው። እዚህ ጋ ስደርስ ነው አዶርኖ ያለው ነገር ያልተጋነነ መሆኑ የገባኝ።

የመንግስት ነገር ከተነሳ ደግሞ ኤፍቢአይ በ1967 በመንኪስ ላይ ፋይል ከፍቶ ነበር። ኮንሰርታቸው ላይ ከጀርባ ስክሪን ላይ የሚታዩት የቬትናም ጦርነት ተቃውሞ ምናምን ምስሎች የግራ ዘመም ፖለቲካ ናቸው ተብሎ ሪፖርት ተጻፈባቸው። ሙዚቃ ጋዜጠኛው አሻንጉሊት ናቸው ይላል፣ ሰላዩ አደገኛ ናቸው ይላል፣ የሁለቱም ወሬ ስለ አንድ ባንድ ነው። ዶሌንዝ ሙሉ ፋይሉ ይሰጠኝ ብሎ በ2022 ኤፍቢአይን ከሷል።

ስለ ቁጥር አንድ ነገር ላስገባ፣ ምክንያቱም ብዙ ቦታ ታገኙታላችሁ። መንኪስ በ1967 ከቢትልስና ከሮሊንግ ስቶንስ ድምር በላይ 35 ሚሊዮን ሸክላ ሸጠዋል የሚባል አለ። ውሸት ነው። ኔስሚዝ ከአንድ ጋዜጠኛ ጋር ሲያወራ እያሾፈ የፈጠረው መሆኑን ራሱ በኋላ ጽፏል፣ ጋዜጠኛው አሳተመው፣ ከዛ እየተገለበጠ ዓለምን ዞረ። ያ ሁሉ እውነት ተናግሮ ያልታመነ ሰው አንዴ ሲዋሽ አርባ ዓመት ተጠቀሰለት።

ባንዱ እየተበተነ ሄደ። ቶርክ በ1968 መጨረሻ፣ ኔስሚዝ በ1970፣ ሁለቱም ከኮንትራታቸው ለመውጣት ገንዘብ ከፍለው ነው የወጡት፣ ተቀጥረው የገቡ ሰዎች ለመውጫው ከፈሉ። ከዛ ፌብሩዋሪ 1986 የሙዚቃ ቲቪ ጣቢያው ኤምቲቪ ሾውን ቀኑን ሙሉ እያከታተለ ሲያሳይ አዲስ ትውልድ ወደደው፣ አሮጌዎቹ አልበሞች ተመልሰው ቻርት ገቡ፣ ቱር ተጀመረ። ለካምፓኒው አዲስ ወጪ የለውም፣ መጋዘን ውስጥ የነበረ ዕቃ ነው። በ1994 ራይኖ የሚባለው የሸክላ ካምፓኒ ቀረጻዎቹን፣ ሾውን፣ ስሙን ጭምር ገዛ።

በ2021 በህይወት የቀሩት ዶሌንዝና ኔስሚዝ የስንብት ቱር ወጡ፣ በኖቬምበር ሎስ አንጀለስ ላይ ጨረሱት፣ ኔስሚዝ ከወር ባነሰ ጊዜ ውስጥ ሞተ። የመጨረሻው ምሽት ላይ መሳሪያውንም ድምፁንም የተጫወቱት እነሱና የራሳቸው ሰዎች ናቸው፣ ፌክ የሚላቸው ሰው አልነበረም። ቲኬቱ ላይ የተጻፈው ስም ግን ያኔም የነሱ አልነበረም።